«ድሪቶ» የተባለው የማኮብኮቢያ ጥገና
(ከሰሜን ሸዋ ከተሞች የጻፉ ሰዎች ክርክር፤ እያንዳንዱ በከተማው ስም ተጠርቷል)

የመሐል ሜዳው፦
ትናንት ደብረ ብርሃን ላይ ስለ አውሮፕላን ማረፊያ በተነሣ ውይይት አንድ ተናጋሪ «ያረጀ ማኮብኮቢያ ተገፎ ይጣላል፣ በምትኩ አዲስ ይነጠፋል እንጂ ተፍቆ በወጣ አሮጌ አስፋልት አይጠገንም፤ በድሪቶ ላይ የምናሳርፈው አውሮፕላን የለንም» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እኔ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። ከአስፋልት ክብደት 5 በመቶ ያህሉ ሬንጅ ነው፤ ሬንጁን ደግሞ አገራችን በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ታስገባዋለች። 3,000 ሜትር ርዝመትና 45 ሜትር ስፋት ካለው ማኮብኮቢያ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢፋቅ 16,000 ቶን ያህል አስፋልት ይወጣል፤ በውስጡም ወደ 800 ቶን የሚጠጋ ሬንጅ አለ። ይህን ሁሉ ገደል ድፉት የሚል ምክር እንዴት ይጨበጨብለታል?

ከጫጫ፦
ወንድሜ፣ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ፤ አሁንም ተጠይቄ ባጨበጭብ አላፍርም። ማኮብኮቢያ የመኪና መንገድ አይደለም። ከመንገድ ላይ የተነቀለ ጠጠር ቢበዛ መስታወት ይሰብራል፤ ከማኮብኮቢያ ላይ የተነቀለውን ግን የጄት ሞተር ስቦ ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 2000 ፓሪስ ላይ ኮንኮርድ የወደቀው ከፊቱ ከተነሣ አውሮፕላን ላይ ተነቅሎ በማኮብኮቢያው ላይ የቀረ ቁራጭ ብረት ጎማውን ስለቀደደው ነው፤ 113 ሰው አለቀ። አንተ የሬንጅ ቶን ትቆጥራለህ፤ እኔ የምቆጥረው ሰው ነው።

የእነዋሪዋ፦
በዚህ ሙያ ስለምሠራ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከጫጫ የጻፍከው ወንድሜ ስለ ላይኛው ንብርብር ያልከው ትክክል ነው፤ የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ዝርዝር መግለጫም የተፋቀ አስፋልት በታችኛው ንብርብር እንዲገባ ሲፈቅድ፣ ከትከሻው (ከማኮብኮቢያው ግራና ቀኝ ከተነጠፈው ዳር) በቀር፣ ጎማ ከሚነካው ንብርብር ግን ይከለክለዋል። ተናጋሪው የሳቱት ንብርብሩን ሳይለዩ ሁሉንም «ድሪቶ» ብለው መጠቅለላቸው ነው። ከዚያም የሚብሰው «ገፎ አዲስ ማንጠፍ» መድኃኒት መስሎ መቅረቡ ነው። የእኛ አገር ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈ ነገር ሁሉ ከዳር ከዳር በርዝመቱ የሚተረተረው አፈሩ ከሥር ስለሚነሣና ስለሚወርድ ነው። ውኃው መውጫ ካልተበጀለት፣ አፈሩም ወይ ተቆርጦ ካልተተካ ወይ በኖራ ካልታከመ፣ በየጊዜው አዲስ አስፋልት ብናለብሰው ያው ስንጥቅ ተመልሶ ይመጣል። የእነዋሪ ገበሬ ጥቁር አፈሩ ላይ በእጁ መደብ እየሠራ፣ ቦይ እያወጣ ውኃውን የሚያወርደው ሰብሉ ሥሩ እንዳይበሰብስ ነው፤ ማኮብኮቢያም የሚፈልገው ይህንኑ ጥንቃቄ ነው።

ከአንኮበር፦
ልጆቼ፣ እኔ ደግሞ ቃሉ ራሱ አሳዝኖኛል። እናቴ ድሪቶ ስትደርት አይቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ቀዳዳውን ገና የጣት ጫፍ ሲያህል ትደፍነው የነበረው ብርዱ ገብቶ ልጅ እንዳያሳምም ነው፤ ችላ ያለችው ቀን ልብሱ እስከ ወገብ ይተረተራል። ስንጥቅን በጊዜው በሬንጅ መድፈን ከዚህ በምን ይለያል? በእኛ ደጋ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን የሚፋጅ ፀሐይ ነው፤ ሬንጁ ቶሎ ደርቆ ይሰባበራል፣ ከዚያም የሐምሌ ዝናብ በስንጥቁ ይገባል። በድሪቶ የተሳደበው ሰው እንጂ ድሪቶው አልበደለም።

ከጫጫ፦
ጋሼ፣ እናትዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ድሪቶ የለበሰ ሰው በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር አይሮጥም። ምሳሌው ልብ ይነካል፣ ጎማን ግን አያስቆምም።

የመሐል ሜዳው፦
ጋሼ የተናገሩት ስለ ስንጥቅ መድፈን ነው፤ አንተ የምትመልሰው ስለ ፍጥነት ነው። በጊዜው ያልተደፈነ ስንጥቅ አይደለም ወይ አንተ የምትፈራውን ጠጠር የሚነቅለው?

ከጫጫ፦
ስንጥቅ ይደፈን፤ ማን ተከራከረ? እኔ የምቃወመው «ዘላቂ» በሚል ስም ርካሽ ሥራ እንዳይገባ ነው። የሠለጠነው ዓለም በዚህ መንገድ የሠራው ካለ ይነገረኝ።

የእነዋሪዋ፦
የፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. 4,000 ሜትር የሚረዝመውን ሰሜናዊ ማኮብኮቢያውን ሌሊት ሌሊት ብቻ እየዘጋ አድሶታል። በአንድ ሌሊት 15 ሜትር ያህል ርዝመት በሙሉ ስፋቱ ተቆፍሮ፣ ተነጥፎ፣ ጠዋት ለበረራ ይከፈት ነበር። ይህን ያስቻለው በዝቅተኛ ሙቀት የሚነጠፍ አስፋልት ነው። የተለመደው አስፋልት እስከ 160 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ይህኛው ከዚያ 20 ወይም 30 ዲግሪ ቀንሶ ስለሚሠራ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጭሱ ይቀንሳል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። የቦስተን አየር ማረፊያም በ2008 እ.ኤ.አ. እንዲህ ባለ አስፋልት ማኮብኮቢያውን አልብሷል።

ከጫጫ፦
እህቴ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን ማስረጃሽ ለእኔ ይመሰክራል። ፍራንክፈርት አሮጌውን ቆፍራ አውጥታ አዲስ ተካች ማለት ነው። «ተገፎ አዲስ ይነጠፋል» ያሉት ሰውዬ ከዚህ የተለየ ምን አሉ?

የእነዋሪዋ፦
ልክ ነህ፣ ፍራንክፈርትን ያነሣሁት ስለ ሙቀቱና ስለ ሌሊት ሥራው ነው እንጂ ለአሮጌው አስፋልት ማስረጃ አድርጌ አይደለም፤ ለይቼ መጻፍ ነበረብኝ። ነገር ግን ሰውዬው «ተገፎ ይጣላል» ነው ያሉት። ጥሉ ከ«ይጣላል» ጋር ነው። ለመግፈፍም ቢሆን መጀመሪያ ይለካል፤ ክብደት እየጣለ የንብርብሩን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ አለ፣ የገጹን ጉዳት ከ0 እስከ 100 የሚመዝን ስሌትም አለ። በዓይን አይቶ «አርጅቷል» ማለት ሙያ አይደለም።

ከደብረ ሲና፦
ሁላችሁም ስለ አስፋልቱ ስትነጋገሩ ጎማው ተረሳ። አውሮፕላን መሬት በነካ ቁጥር ከጎማው ቀልጦ የሚቀረው ላስቲክ ማኮብኮቢያውን ያለሰልሰዋል፤ በዝናብ ጊዜ ፍሬን አልይዝ ይላል። ይህ በኬሚካል የሚታጠብ ከሆነ እጣቢው ወዴት ይወርዳል? ደብረ ብርሃን ላይ ማረፊያ ቢሠራ ወደ በሬሳ ወንዝ ነው፤ ከበሬሳ የሚያጠጣ ገበሬ አለ። ዘላቂነት የምትሉት ከዚህ ካልጀመረ እኔ የለሁበትም።

የመሐል ሜዳው፦
ለዚህ እኮ በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ንጹሕ ውኃ ማጠብ አለ።

ከደብረ ሲና፦
አውቃለሁ፤ ግፊቱ ሲበዛ ግን ጠጠሩን ያላላዋል፣ የያዘውንም ሬንጅ ያጥባል። ደግሞ ያ ሁሉ ውኃ በበጋ ከየት ይቀዳል? «ውኃ ነውና ጉዳት የለውም» ብሎ ማለፍ ከ«ድሪቶ» የሚሻል አነጋገር አይደለም።

ከአንኮበር፦
ይህ ልጅ ቁም ነገር ተናገረ። እጣቢው ተጣርቶ የሚጠራቀምበት ገንዳ ከማኮብኮቢያው ጋር አብሮ ካልታቀደ በኋላ የሚሠራው የለም።

ከጫጫ፦
በውኃው እስማማለሁ። ወደ ዋናው ነገር ልመለስ፤ እህቴ፣ «ከትከሻው በቀር» ያልሽውን አሁን ደግሜ ሳነብ አላረካኝም። እጅግ ሰፊ ክንፍ ያላቸው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች የዳር ሞተራቸው በትከሻው አናት ላይ ነው የሚያልፈው፤ ትከሻው የሚነጠፈውም የሞተሩ ነፋስ አፈርና ጠጠር እንዳያነሣ ነው። ታዲያ አሮጌው አስፋልት ከመሐል ተከልክሎ ከዳር የሚፈቀደው በምን ምክንያት ነው?

የእነዋሪዋ፦
ትከሻው የጎማ ክብደት በየቀኑ ስለማይሸከም ነው። ደግሞ እኛ ጋ የሚያርፉት ባለ ሁለት ሞተር መለስተኛ አውሮፕላኖች ቢሆኑ የሞተራቸው ቦታ ከትከሻው ይርቃል።

ከጫጫ፦
«ቢሆኑ» ነው ያልሽው። ማኮብኮቢያ ለብዙ ዓመት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሚያርፍበት ዛሬ ማን ይፈርማል?

የመሐል ሜዳው፦
በዚህ ሒሳብ ከሄድን እኮ ምንም ነገር አይሠራም፤ ያ ሁሉ ሬንጅም ከነጠጠሩ ዋልካ ላይ ተከምሮ ይቀራል።

ከጫጫ፦
ይከመር። ለመኪና መንገዳችን ይዋል፤ ከዚህ እስከ እነዋሪ ስንት ጉድጓድ አለ። ማኮብኮቢያው ላይ ግን፣ ትከሻውንም ጨምሮ፣ እሺ አላልኩም።