ማኅበራችን ለስደተኛ ጎረቤቶቻችን ክሊኒክ ይክፈት ወይስ ሌላ መንገድ አለ? (ጀሞ)

የጀሞዋ ወለተ ማርያም፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ጀሞ 2 ኮንዶሚኒየም ነው። በየወሩ በ21 የምንጠጣው የእመቤታችን የፅዋ ማኅበር አለን። ዘንድሮ በወርኃ ጽጌ ስለ ስደቷ ስንማማር አንዲት እናት ተነሥተው «የስደቷን ነገር በየዓመቱ እንሰማለን፤ ከታች ያለችው ስደተኛ ግን ልጆቿን ምን እንደምታበላ ጠይቀናታል?» አሉን። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለንም።

ሴትየዋ ኤርትራዊት ናት። ትግራይ ማይ ዓይኒ ካምፕ ነበረች፤ ጦርነቱ ነው ወደዚህ ያመጣት። ሦስት ልጆቿን ይዛ አንዲት ስቱዲዮ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋርታለች። ስኳር አለባት፤ ገንዘብ ሲያጥራት ኢንሱሊኑን ቀንሳ ትወጋለች። ትልቁ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤት አልገባም። እንደሷ ያሉ በየብሎኩ አሉ።

ከአባሎቻችን ሁለቱ ነርሶች ናቸው። ለዓመቱ ድግስ ባጠራቀምነው ብር ክፍል ተከራይተን ትንሽ ክሊኒክና ማስጠኛ እንክፈት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የምታውቁ ምከሩን። ደግሞ ብሎካችን ውስጥ ሙስሊም የመኖችም አሉ፤ እነሱንስ?

ሲስተር ከቱሉ ዲምቱ፦
እግዚአብሔር ያክብራችሁ። በቤተ ክርስቲያን ተራድኦ ሥር ስደተኞችን በማከም ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እህቴ፣ ክሊኒክ አትክፈቱ። ፈቃዱ፣ ኪራዩ፣ ዕቃው አንድ ታማሚ ሳታዩ ብራችሁን ይጨርሰዋል።

የጠፋው ሐኪም አይደለም። ክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ስደተኛም በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይደነግጋል። ሰው የሚቸገረው በታክሲው፣ በላብራቶሪውና በየወሩ በሚገዛው መድኃኒት ነው። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ስድስት ኪሎ ሆስፒታል፤ ደርሶ መልሱን አስቡት። ልጅ ያዘለች እናት ያንን ከምትከፍል ሕመሙን ችላ ትቀመጣለች። ዳር ከተማ ላይ ያለነው ይህን ነው መሸፈን ያለብን።

የሴትየዋ ነገር ግን እስከ ማኅበሩ ስብሰባ አይቆይም፤ ዛሬውኑ ሂዱላት። ኢንሱሊን መቀነስና ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ሕይወት ያሳጣል። ውኃ ጥም ከበዛባት፣ ካስመለሳት፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም የፍራፍሬ ሽታ ካመጣ ሳትቆዩ ድንገተኛ ክፍል አድርሷት። መድኃኒቱን መጀመሪያ «ከነማ» በሚባለው የመንግሥት ፋርማሲ ጠይቁ፤ ዋጋው ይሻላል። ያልተከፈተውን ብልቃጥ ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ያስቀምጥላት፤ የተከፈተው ፀሐይ ሳይነካው ቤት ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ነርሶቻችሁ ቤቷ እየሄዱ ስኳሯን ይለኩላት። ከማንኛውም ክሊኒክ ይበልጥባታል።

የመኖቹ? ይህማ ጥያቄ ሊሆን አይገባም። ታማሚ ሃይማኖቱ አይጠየቅም፣ ከመድኃኒት ጋርም ስብከት አይሰጥም። ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶች በአካባቢያችሁ ሞልተዋል፤ ዓረብኛ ያውቃሉ። ሴቶቹን ጤና ጣቢያ ይዘው የሚሄዱት እነሱ ቢሆኑ ሐኪሙም ታማሚዋም ይግባባሉ።

መምህር ዘአያት፦
ስለ ልጁ ልናገር። ትምህርት ቤትም አትክፈቱ፤ የመንግሥቱ ውስጥ አስገቡት። ሲስተር በጠቀሱት አዋጅ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ስደተኛና ዜጋ እኩል ናቸው። የስደተኛ መታወቂያቸውን ይዛችሁ እናቱን አጅቧት፤ ብቻዋን ስትሄድ የሚመልሷት አብሯት ሰው ሲኖር ያነጋግሯታል። ማስረጃው ካምፕ ከቀረ የምደባ ፈተና ይሰጠው በሉ። ከ2012 ጀምሮ የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ይመግባሉ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣሉ። ስለዚህ መመዝገብ ማለት ለዚያ ቤት ቁርስና ምሳም ማለት ነው።

የሚያስቸግረው አማርኛው ነው። ትግርኛ የተማረ ልጅ ፊደሉን ስለሚያውቅ ያነብላችኋል፤ መምህሩም ገብቶታል ብሎ ያልፈዋል። ልጁ ግን ያነበበውን አይረዳም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሚናሉ (የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት) ውስጥ አስጠኑት፤ ሁሉም ሃይማኖት የሚገባበት ቦታ ይሻላል።

ጸጋይ ለቡ፦
እኔ ራሴ ስደተኛ ነኝ። ከካምፕ ውጪ የመኖር ፈቃድ በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር ራሱን መቻል ለሚችል ሰው ተብሎ ነው፤ ዘመድ ከውጭ ይልክልናል ብለን ፈርመን የወጣን አለን። ዘመዱ ሲያቆም ማንን እንጠይቃለን? ስለዚህ አስተያየታችሁ ልቤን ነክቶታል።

አንድ ልመናዬ፦ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አታሰልፉን፣ ፎቶም አታንሡን። ለእናትየዋ ቤቷ ገብታችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ ስጧት። ሌላው፣ ከመካከላችን የሚሠራም አለ። አስመራ ሒሳብ አስተምር ነበር። ቅዳሜ ለማስጠናት በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ፤ በትግርኛም በአማርኛም አስረዳለሁ።

የጀሞዋ ወለተ ማርያም፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ጽሑፍሽን ለነርሶቹ አንብቤላቸው አንዷ አሁን እሷ ጋ ናት፤ ኢንሱሊኑም ተገዝቷል። ክሊኒኩን ትተነዋል፤ የድግሱ ብር የታክሲና የመድኃኒት ይሆናል። ወንድሜ ጸጋይ፣ በእግርህማ አትመጣም፣ ታክሲህ በእኛ ነው። የኮሚናሉን ቁልፍ ከኮሚቴው ለቅዳሜ 8 ሰዓት ጠይቄአለሁ። መምህር፣ ጥቁር ሰሌዳ የለንም፤ ያገለገለ የምታውቅበት ቦታ ካለ ጠቁመን።