ሕልም መሆኑን ባወቅኩ ቁጥር እነቃለሁ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ቤተሰብ፣ ሉሲድ ድሪም (ሕልም ውስጥ ሆኖ ሕልም መሆኑን ማወቅ) መሞከር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ሕልሜን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ቀን ቀን ደሞ ሕልም ይሁን እውን ለመለየት አፍንጫዬን ይዤ ለመተንፈስ እሞክራለሁ (ታክሲ ውስጥ አንዷ ሸተትኩህ እንዴ ብላኛለች 😂)። ማታ 4 ሰዓት ተኝቼ 9 ተኩል ላይ በአላርም እነሳና ትንሽ ቆይቼ መልሼ እተኛለሁ፣ ረጃጅሙ ሕልም ወደ ንጋት ስለሆነ። እማዬ ለጸሎት የምነሳ መስሏት ደስ ብሏታል፣ እሱን ተዉት። ባለፈው አያቴ ቤት ሆኜ አፍንጫዬን ስይዘው አየሩ ዝም ብሎ ገባ፣ እንዴ ሕልም ነው! ብዬ በደስታ ልዘል ስል ብን፣ አልጋዬ ላይ ነኝ። ሦስቴ እንዲህ ሆነብኝ። እጅ ማፋተግ ይረዳል ይባላል ግን እዛ ሰዓት ማን ያስታውሳል? ሳትነቁ እንዴት እንደቆያችሁ ንገሩኝ በናታችሁ።