«ጀልባ የት ይሸሻል?»

የጅሬን ልጅ፦ ትናንት ጅማ በነበረው የቱሪዝም ውይይት አንድ ተናጋሪ በጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ ጀልባዎች ላይ ልዩ ክፍያ ይጣል አሉ። የአውሮፓን ደሴቶች ጠቅሰው «ጀልባ የት ይሸሻል?» ሲሉ በጣም ተናደድኩ። የጣሊያኗ ደሴት ሰርዲኒያ እ.ኤ.አ. በ2006 በበጋ ወደቧ ላይ በሚያርፍ ከ14 ሜትር በላይ በሆነ የቅንጦት ጀልባ ላይ ከ1,000 እስከ 15,000 ዩሮ ጣለች። የፈረንሳይዋ ደሴት ኮርሲካ ደግሞ ማዶ ናት፤ ሰርጡ ጠበብ የሚለው ጋ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መልሕቅ ነቅሎ መሻገር እኮ ነው!

ቆጪ ሰፈር፦ ግማሹን ነው የነገርከን። እ.ኤ.አ. በ2009 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ቀረጡን የተቃወመው ጀልባ ስለሸሸ አይደለም። የደሴቲቱ ነዋሪ ነፃ ሆኖ እንግዳው ብቻ ስለሚከፍል ነው።

የጅሬን ልጅ፦ ለሁሉም እኩል ቢጣልስ ኮርሲካ ትርቅ ነበር?

ሒርማታ፦ ቀረጡን ተዉትና የኪራይ ውሉን እዩ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እስከ 90 ቀን ለሚከራይ ጀልባ ቫት የሚከፈለው ጀልባው ለተከራዩ በሚሰጥበት አገር ነው። ክሮኤሺያ 13 በመቶ፣ ጣሊያን መደበኛው 22። ሳምንቱን በ100,000 ዩሮ ለሚከራይ ሰው የ9,000 ዩሮ ልዩነት አለው። ከክሮኤሺያ ጎን ያለችው ሞንቴኔግሮ ጭራሽ ከኅብረቱ ውጭ ናት። ስለዚህ ጀልባ አከራዩ ደላላ ገና ከጅምሩ ከየትኛው ወደብ እንደሚነሳ ያሰላል።

ቆጪ ሰፈር፦ የሰርዲኒያዋ ፖርቶ ቸርቮ ግን ዛሬም የትልልቅ ጀልባዎች መናኸሪያ ናት። ጥሩ ወደብና ጥገና ያለበት ቦታ ሰው ይከፍላል።

አጂፕ፦ «የት ይሸሻል» ላይ ልመለስ። የእኛ ጀልባ በአይሱዙ ካልተጫነ የትም አይሄድም፤ የሚሸሸው ደንበኛው ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ወሊሶ ላይ ወደ ወንጪ ይታጠፋል። እዚያ ጀልባ አለ፣ ደሴቱ ላይ ገዳም አለ። ወደ እኛ ለመምጣት ገና ወልቂጤን አልፎ የጊቤን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት። በዚህ ላይ 15 በመቶ ቫት እያለ ሌላ ክፍያ ስትጨምሩበት ለምን ይምጣ?

ቆጪ ሰፈር፦ ለምን ይምጣ ካልክ መሳፈሪያውን እይ። የማመንጫ ሐይቅ ነው፤ በበጋ ውኃው ሲወርድ ዳርቻው ጭቃ ይሆናል። ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ መድረክና ለየሰዉ ላይፍ ጃኬት ከሌለ እናቶቻችን እንዴት ይሳፈሩ? እኔ ክፍያውን የምደግፈው ለዚህ ነው።

የጅሬን ልጅ፦ መጀመሪያ መድረኩ ይሠራ፣ ከዚያ ይጠየቅ።

ቆጪ ሰፈር፦ በምን ብር?

አጂፕ፦ ቆጪ፣ የወሊሶውን ጥያቄ አልመለስክም።