ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ አካባቢ ቤት ያላችሁ፣ ይሄን የዞኒንግ ነገር፣ የት ቦታ ምን ዓይነት ቤት ይሠራ የሚለውን ሕግ፣ እንዴት አያችሁት?

የፎር ኮርነርስ እናት
ሰላም ናችሁ ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ያላችሁ። ቅዳሜ ጎረቤቴ ፒቲሽን ይዛ መጣች ፈርሚልኝ ብላ፣ ከዊተን እስከ ፎር ኮርነርስ ላለው ሦስት ማይል ለሚሆነው የዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ መንገድ ፕላን ወጥቶለታል፣ በአንድ ቤት ቦታ ላይ ሦስት አራት ቤት ሊሠራ ነው፣ ከመንገዱም አንዱን ሌይን ለባስ ብቻ ሊሰጡት ነው አለችኝ። ደህና ሴት ናት፣ ስታመም ሾርባ ያመጣችልኝ እሷ ናት፣ ግን እጄ እምቢ አለኝ አልፈረምኩም። ባለቤቴ ሁለት ሥራ እየሠራ ነው ይሄን ቤት የገዛነው፣ ስለዚህ ጭንቀቷ ይገባኛል። በሌላ በኩል ደግሞ ትልቋ ልጄ ኮሌጅ ጨርሳ ደህና ሥራ ይዛ እዚህ አካባቢ ቤት መግዛት አቅቷት ፍሬድሪክ ገባች፣ የልጅ ልጄን የማየው በሳምንት አንዴ ነው። በማን ልፍረድ?
ሌላው የሚከነክነኝ ይሄን ሁሉ የሚያረቁት የፕላኒንግ ቦርድ ሰዎች እነማን ናቸው? በ2022 አምስቱም በአንዴ ሲለቁ በዜና ሰማሁ፣ ከዛ ሌሎች ተሾሙ ተባለ። ማን ነው የሚሾማቸው? ይሄ ሁሉ አበሻ እዚህ እያለ ከኛ መሀል አንድ ሰው ለምን አያመለክትም?

ባለ ባሱ
እህቴ ባለመፈረምሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ባስ ነው የምነዳው፣ ጠዋት አርባ ሰው ጭኜ አንድ አንድ ሰው ከያዙ መኪኖች ኋላ ቆሜ ነው የምውለው፣ የጫንኳቸው ደግሞ ሆስፒታል የሚያፀዱ፣ ሽማግሌ የሚንከባከቡ፣ አምስት ደቂቃ ካረፈዱ የሚቆረጥባቸው የኛው ሰዎች ናቸው። ሌይኑ የነሱም ነው። ስለ ቤቱ ደግሞ፣ አገር ቤት እናታችን ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርታ አከራይታ ነው አራታችንንም ያስተማረችን፣ በአንድ ግቢ ሦስት ቤተሰብ መኖር ለኛ ምኑ ነው አዲስ?

ሎንግ ብራንች
ባለ ባሱ ያልከው ጥሩ ነው ግን አንተም እሷም የቤት ባለቤት ሆናችሁ ነው የምታወሩት፣ ተከራዩን ማን ያስበው? እኔ ሎንግ ብራንች ሰፈር ተከራይቼ ነው የምኖረው። በሰፈራችን የሚያልፈው አዲሱ ባቡር፣ ፐርፕል ላይን፣ ሥራው በ2017 ሲጀመር በ2022 ባቡሩ ይሄዳል ተብሎ ነበር፣ አሁን የ2027 መጨረሻ ወይ የ2028 መጀመሪያ ነው የሚሉት። በዚህ መሀል መንገዱ ተቆፍሮ ገበያተኛ መኪና ማቆሚያ አጥቶ የቀረባቸውን ትንንሽ ሱቆች በአይኔ አይቻለሁ፣ ፀጉር የምሠራበት ቤት ራሱ ተዘግቷል። ባቡሩን አልጠላም፣ ሲመጣ እሳፈርበታለሁ። ያኔ ግን እዚህ መኖር እችላለሁ ወይ ነው ጥያቄዬ።
ካውንቲው በ2023 ያወጣው የኪራይ ሕግ ጭማሪውን ቢበዛ 6 ፐርሰንት ላይ ገድቦታል፣ አዲስ ሕንፃን ግን ለ23 ዓመት አይነካም። እንግዲህ የኔ አሮጌ አፓርትመንት ፈርሶ አዲስ ቢሠራ ያ ከለላ አብሮ ፈረሰ ማለት ነው። አክስቴ ካዛንቺስ የተወለደችበትን ቤት ልቀቂ ሲሏት ዕቃ ማንሻ ጊዜ እንኳን በቅጡ አልሰጧትም፣ ስለዚህ ልማት ሲባል እኔ ቀድሜ የምጠይቀው የሚፈርሰው የማን ቤት ነው ብዬ ነው። ሰፊ ግቢ ያላቸው ሰፈሮች ውስጥ ዱፕሌክስ፣ ሁለት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት፣ ይሠራ፣ እደግፋለሁ። ርካሽ አፓርትመንት አፍርሶ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አትጨፍልቁብን።

ሐሙስ ሐሙስ
የፎር ኮርነርስ እናት፣ ፕላኒንግ ቦርዱ ፊት ሁለት ጊዜ ቀርቤ ስለተናገርኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ቦርዱ አምስት ሰው ነው፣ የሚሾማቸው የካውንቲው ምክር ቤት፣ ካውንስሉ፣ ነው ለአራት ዓመት፣ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ መሆን አይችሉም። ወንበር ሲከፈት ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሬዙሜና ደብዳቤ ነው የሚላከው። ከኛ ሰው ማመልከት አለበት ያልሽው ልክ ነሽ፣ ኢንጂነሩ አርክቴክቱ በሽ ነው እኮ።
ግን ቦርዱ የመጨረሻ ቃል የለውም። ፕላኑን አርቅቆ ለካውንስሉ ይልካል፣ ድምፅ ሰጥቶ የሚያፀድቀው ካውንስሉ ነው። በጁላይ 2025 ያፀደቁትም ሕግ በሰፋፊዎቹ መንገዶች ዳር ያለ ቦታ ላይ ዱፕሌክስ፣ ተያይዞ የሚሠራ ታውንሃውስ፣ አነስ ያለ አፓርትመንት መሥራት ይቻላል ነው የሚለው እንጂ ማንም ቤትሽን ሽጪ ወይ አፍርሺ አይልሽም። ጎረቤትሽን የሚያስፈራት ይሄን ለይቶ የነገራት ስለሌለ ይመስለኛል፣ አረጋጊያት።
ሎንግ ብራንች ያነሳሽው ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ እዛ ስብሰባ ላይ ደግሞ አንድም ሰው ሲያነሳው አልሰማሁም። የሚመጡት ጡረታ የወጡ ባለቤቶች ናቸው፣ ተከራዩ ሥራ ላይ ነው። ቦርዱ የሚሰበሰበው ሐሙስ ሐሙስ ዊተን ነው፣ ቀድመሽ ከተመዘገብሽ ሦስት ደቂቃ ይሰጥሻል፣ ከቤትም በኦንላይን ይቻላል። የኪራዩን ነገር አሁን እንደጻፍሽው አድርገሽ ተናገሪው፣ እንግሊዝኛው ካሳሰበሽ አብረን እንጽፈዋለን።

የፎር ኮርነርስ እናት
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሎንግ ብራንች የኔ እናት፣ የኪራዩን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ጎረቤቴን ነገ ቡና ጠርቼ ይሄንን አስረዳታለሁ። ሐሙስ ሥራ የለኝም መኪናም አለኝ፣ ከሎንግ ብራንች ወደ ዊተን የሚሄድ ካለ በውስጥ ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳችኋለሁ።

ሎንግ ብራንች
እኔ እመጣለሁ። ፈረቃዬን ልቀይርና በውስጥ እጽፍልሻለሁ።