የድፎ ሊጤ ኩፍ አልል አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ስቶክሆልም ነው የምማረው። ኅዳር እየተጋመሰ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሲል ፀሐይ ትጠልቃለች። ከክፍል ስወጣ ጨለማ ነው፣ ሆድ ይብሳል። ድፎ መጋገር የጀመርኩትም ለዚሁ ነው።

መስከረም ላይ አምሮልኝ ነበር። አሁን ግን ሊጡ እምቢ አለ። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ነው የምጠቀመው (አዝሙዱን እማዬ ሻንጣዬ ጥግ የሸጎጠችልኝ ነው፣ እያለቀ ነው)። አቡክቼ፣ በፎጣ ሸፍኜ መስኮት ሥር አስቀምጠዋለሁ። ወጥ ቤቱን ለ8 ስለምንጋራ ሌላ ቦታ የለኝም። ከ2 ሰዓት በኋላ ስገልጠው እንዳስቀመጥኩት ቁጭ ብሏል። ስነካው ይቀዘቅዛል።

ባለፈው ሳምንት እንደዛው ጋገርኩት። ላዩ ቀላ፣ መሃሉ ሊጥ። ጎረቤቴ በትህትና አንድ ቁራሽ ቀመሰችና ውሃ ጠየቀች።

እርሾውን ልጨምር ወይስ ሌሊቱን ሙሉ ልተወው? ኦቨኑን ሳልለኩስ መብራቱን ብቻ አብርቼ ውስጡ ባስቀምጠውስ? በኮባ ፈንታ ወረቀት የምታነጥፉ፣ ሥሩ እንዳያርባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ለቅዳሜ ጓደኞቼን ጠርቻለሁ፣ ድረሱልኝ!