ከዋልታ በረዶ ሥር ዓመት የከረመ መሣሪያ፦ ዳታውን እንዴት ልመነው?

ሕሊና፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በውቅያኖስ ፊዚክስ እየሠራሁ ነው። አሁን የያዝኩት ከፍራም ሰርጥ የመጣ የሙቀት ዳታ ነው፤ በግሪንላንድና በስቫልባርድ መሃል ካለው ማለቴ ነው። መሣሪያው 1,500 ሜትር ላይ በመልህቅ ታስሮ ዓመት ሙሉ ከርሟል። በዚያ ጊዜ ማንም አልነካውም።

ሁለት ነገር ግራ ገብቶኛል። ሳተላይት እያለ፣ ውኃ ውስጥ እየወረዱና እየወጡ የሚለኩት የአርጎ ተንሳፋፊዎችም እያሉ፣ ይህን ሁሉ ልፋት ምን አመጣው? ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ግራፉ ላይ የማየው ለውጥ የዲግሪ ጥቂት ሺኛ ነው። ከፍ ብሎ የሚመለስባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። ይህ የውኃው ነው ወይስ የሴንሰሩ?

ዳዊት፦

የመጀመሪያውን እኔ ልሞክር። ሳተላይት የሚያየው የባሕሩን ገጽ ብቻ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ወዲያው ይጠፋል። አርጎዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ እስከ 2,000 ሜትር ነው የሚወርዱት። ዳታ ለመላክ ወደ ላይ መውጣት አለባቸው፤ በረዶ ከሸፈነው ግን መውጫ የለም። ለዋልታ የተሠሩት ከላይ ያለው ውኃ ወደ መቀዝቀዣ ነጥቡ መጠጋቱን ሲያውቁ ተመልሰው ይወርዳሉ። እስከ 6,000 ሜትር የሚሄዱም አሉ። ግን ሁሉም ከውኃው ጋር ይጓዛሉ። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚጠብቅልሽ ሙሪንግ፣ ማለትም በመልህቅ የታሰረው ገመድ ከነመሣሪያዎቹ፣ ብቻ ነው።

ፍራም ላይ ደግሞ ቦታው ራሱ ወሳኝ ነው። አርክቲክን ከሌላው ውቅያኖስ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛው ጥልቅ በር እሱ ነው። በምሥራቁ በኩል ሞቃቱ የአትላንቲክ ውኃ ወደ ሰሜን ይገባል። በምዕራቡ ቀዝቃዛው ውኃና በረዶው ይወጣል። የጀርመኑ አልፍሬድ ቬግነር ኢንስቲትዩትና የኖርዌይ ፖላር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ እዚያ ሙሪንግ በመደዳ ያቆማሉ።

በረከት (ቴክኒሻን)፦

እህቴ ሕሊና፣ የኔ ሥራ ከመርከብ ላይ ሙሪንግ ማውረድና ማውጣት ስለሆነ ሁለተኛውን ጥያቄሽን በደስታ እመልሳለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ በረዶው ነው። እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ያንቺው ሺኛ ዲግሪ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገርሽ። ከታች ከባድ ብረት አለ፤ ብዙ ጊዜ ያገለገለ የባቡር ጎማ ነው። ከዚያ ጥንድ ማላቀቂያ፣ ከዚያ ረጅም ገመድ፣ በየጥልቀቱ መሣሪያ፣ በየመሃሉ ገመዱን ቀጥ አድርገው የሚይዙ የመስታወት ኳሶች። የላይኛው ተንሳፋፊ ከገጹ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚተወው። አንታርክቲካ አካባቢማ የበረዶ ተራራ ሥሩ በመቶዎች ሜትር ስለሚወርድ በጣም ዝቅ እናደርገዋለን። ስንመለስ ከመርከቡ የድምፅ ኮድ እንልካለን። ማላቀቂያው መንጠቆውን ይከፍታል፣ ብረቱ እዚያው ይቀራል፣ ሌላው ይነሳል። ማላቀቂያው ጥንድ የሆነው አንዱ እምቢ ቢል ሌላው እንዲከፍት ነው። ከላይ በረዶ ካለ ኮዱን አንልክም። ገመዱ ከበረዶ ሥር ከገባ ፍለጋው ከባድ ነው፤ ቀዳዳ እስኪከፈት እንጠብቃለን ወይም መርከቡ ይሰብራል።

አሁን ወደ ሺኛዋ። ጥሩ የሚባል የሙቀት ሴንሰር ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ትክክለኛነቱ 0.002 ዲግሪ ነው። በየወሩ ደግሞ 0.0002 ያህል ሊንሸራተት ይችላል። በዓመት ስታሰይው ካየሽው ለውጥ ጋር ይቀራረባል። ጥርጣሬሽ ልክ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው መሣሪያውን ከማውረዳችን በፊት ከመርከቡ ሲቲዲ (ጨዋማነት፣ ሙቀትና ጥልቀት ከሚለካው መሣሪያ) ጋር አስረን ወደ ጥልቁ የምንልከው። በተወሰኑ ጥልቀቶች ላይ ደቂቃዎች አቁመን ሁለቱን ንባብ እናስተያያለን። ከዓመት በኋላ ሲወጣም እንደገና። ይህ ሁለተኛው ሲዘለል በጣም ያናድደኛል። ሁሉም ደክሟል፣ መርከቡ ወደ ሌላ ጣቢያ መሄድ ይፈልጋል፣ "ዳታው ወጥቷል አይደል" ይባላል። ያለ እሱ ግን የዓመቱ መዝገብ ለሺኛ ዲግሪ አይበቃም። ስለዚህ የሁለቱንም ጊዜ ወረቀት ጠይቂ።

ግን መንሸራተት ቀስ ብሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ያንቺ ከፍ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ሌላ ነገር ጠርጥሪ፤ የግፊቱን መዝገብ ክፈቺ። ፍሰቱ ሲበረታ ገመዱ ያጋድላል፣ መሣሪያውም ይወርዳል። ጥልቁ ውኃ ከላዩ ባለው ክብደት ስለሚጨመቅ በትንሹ ሞቅ ይላል። 100 ሜትር ብትወርጂ፣ ውኃው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ንባቡ በጥቂት ሺኛ ይጨምራል። ከግራፉ በፊት ሁሉንም ወደ ፖቴንሻል ሙቀት ቀይሪው፤ የግፊቱ ውጤት ሲቀነስ የሚቀረው ሙቀት ማለት ነው።

ሰናይት፦

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። መርከብ በየዓመቱ ሄዶ በሲቲዲ ቢለካ አይበቃም? ሴንሰሩ በየጊዜው ይስተካከላል፣ የውኃ ናሙናም ይወሰዳል። ይህ ሁሉ ጭንቀት አይኖርም።

በረከት (ቴክኒሻን)፦

ሰናይትዬ፣ መርከቡ የሚሄደው በአብዛኛው በበጋ ነው። ክረምቱን ማን ያያል? አንታርክቲካ ያለውን ዌዴል ባሕርን ውሰጂ። ባሕሩ ወደ በረዶ ሲለወጥ ጨው ከበረዶው ተለይቶ ወደ ውኃው ይወጣል። ውኃው ይከብዳል፣ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው በጨለማው ወራት ነው። በየበጋው አንድ ነጥብ ብቻ ካለሽ፣ ሁለት ነጥብ መሃል የተፈጠረውን ልዩነት ለውጥ ነው ወይስ የወቅት መዋዠቅ ነው ማለት አትችይም። ሲቲዲው ሙሪንጉን ያስተካክላል፣ ሙሪንጉ መሃሉን ይሞላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሕሊና፦

አመሰግናለሁ፣ ጋሽ በረከት። ግፊቱን ከሙቀቱ ጋር ደርቤ አየሁት። ከሦስቱ ሁለቱ መሣሪያው የወረደባቸው ቀናት ናቸው! ወደ ፖቴንሻል ሙቀት ስቀይረው ጠፉ። ሦስተኛው ግን አልጠፋም። ግፊቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው የሆነው።

በረከት (ቴክኒሻን)፦

ጎበዝ። እንግዲህ እሱን ያዢው። በዚያው ሳምንት ጨዋማነቱ አብሮ ተንቀሳቅሷል ወይ? እዚያው ገመድ ላይ ከሥሩ ያለው መሣሪያስ ምን ይላል? የፍሰቱ አቅጣጫስ ተቀይሯል? ሁለት የተለያዩ ሴንሰሮች በአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ነገር ካሉ ውኃው ነው፤ ያለ ፍርሃት ጻፊው። ብቻውን ከሆነ ግን ከወጣ በኋላ የተደረገው ማስተያየት እጅሽ እስኪገባ አቆይው።