የሎሚ ዛፍ ትሎች ፑፓ (ትሉ ቅርፊት ውስጥ ሆኖ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ደረጃ) ሆነው ቢራቢሮ ሳይወጣቸው ይቀራሉ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም። ቦታው ሐዋሳ፣ ግቢ ውስጥ ያለ የሎሚ ዛፍ ነው። ትሎቹ ሲፈለፈሉ የወፍ ኩስ ይመስላሉ፤ ሲያድጉ አረንጓዴ ይሆናሉ፣ ሲነኳቸው ብርቱካናማ መንታ ቀንድ አውጥተው ይሸታሉ። ስለዚህ ጥቁርና ቢጫው የሎሚ ቢራቢሮ ናቸው።

ችግሩ ፑፓው ላይ ነው። ከ9ኙ 5ቱ ጠቆሩ፤ ጎናቸው ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለ፣ ውስጣቸው ባዶ ነው። ቢራቢሮ ቅርፊቱን ሰንጥቆ እንጂ በስቶ አይወጣም፤ ጥገኛ ተርብ (ልጆቿ ፑፓውን ከውስጥ በልተው የሚያድጉ) መሆኑን እገምታለሁ። ተርቧ ገና ባልጠነከረ ፑፓ ላይ እንቁላል እንዳትጥል በአጎበር ሸፍኛቸው ነበር፤ ግን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነች ነፍሳት የአጎበር ቀዳዳ ሰፊ ነው።

ከአጎበር የጠበቀ፣ አየር ግን የሚያስገባ ምን ዓይነት ጨርቅ ትጠቀማላችሁ? ትሎቹንስ ገና የወፍ ኩስ መስለው ሳሉ ጨርቁ ውስጥ ላስገባቸው ወይስ አረንጓዴ ከሆኑ በኋላ? ዛፉን መድኃኒት መርጨት አልፈልግም፤ ትሎቹንም ይገድላቸዋል። እባካችሁ የምታውቁ ርዱኝ፤ 3 ትሎች ሰሞኑን ፑፓ ሊሆኑ ነው።